ጥቁሩ የስኳር ፈረስ

ፈረሱ ጥቁር መሆኑን ያየሁት ልጄ ጭንቅላቱን ቆርጥሞ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ ከፓሌርሞ ከተማ የገዛሁት የስኳር ፈረሰኛ ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ነበር። የዱቄቱን ጣሳ ገፋ አድርጌ አየሁ፤ የኔው ገና ሳላወጣው፣ እንደተጠቀለለ ከኋላው አለ።

የሙታን ቀን ጠዋት ነበር። በዋዜማው ሌሊት የየቤቱ ሙታን መጥተው ለልጆች ጣፋጭ ትተው ይሄዳሉ። የምናስቀምጠው እኛ እናቶች መሆናችንን የማያውቁት ልጆች ብቻ ናቸው።

"ዳቪዴ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው?"

"ትራሴ ሥር። አያቴ ጋስፓሬ ነው ያመጣልኝ።"

ያንን ስም እኔ ቤት ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል። የባሌ አባት ጋስፓሬ ግን የሚያወርሰው ስም ብቻ አልነበረም። ሌላው ሰው ማፊያ የሚለውን፣ እኛ "ቤተሰቡ" የምንለውን የሚመራው እሱ ነበር። የወይን እርሻው መሀል ገደሉት። ባሌ ወንበሩን ወረሰ፤ ዓመት ሳይሞላው እሱንም ገደሉት። ልጄ ያኔ ገና ሆዴ ውስጥ ነበር። ሲወለድ በሁለቱም ዘር ባልነበረ ስም አስጠመቅኩት።

የባሌ እናት ዶና ክሮቺፊሳ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖሩት። ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ሌሊት ቤቴ ገብተዋል።"

"እኔ? በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ልወጣ? ሙታን ናቸው፣ ልጄ።"

"ሙታን ቁልፍ አይዙም።"

"ጋስፓሬ በሕይወት እያለም ቁልፍ ይዞ አያውቅም። የማይከፈትለት በር አልነበረም።" ሳቅ አሉ። "ስሙን ነፈግሽው፤ አሁን ስኳሩንም ልትነፍጊው ነው?"

"ቁልፌን ይስጡኝ። ልጄንም ይተዉልኝ።"

የሚሟገቱኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ምስሩ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ውሰጂው። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?"

እንዲህ በቀላሉ መስጠታቸው ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ እኔ ከሥራ እስክመለስ የሚቆየው እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ምን እንደሚያወሩ ጠይቄው አላውቅም።

ሲመሽ የፈረሱን ትራፊ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ዳቪዴ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ወደ መንገዱ ማዶ ያያል።

"ዳቪዴ፣ ግባ። በሩን ልዘጋ ነው።"

አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት፤ ጆሮው ጤነኛ ነው፣ ግን አልዞረም። አቤት እንዳይለኝ ፈጣሪን እየለመንኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

"ጋስፓሬ" አልኩ።

"አቤት" አለና ገባ።

በሩን ዘጋሁ፤ ቁልፉንም ሁለቴ አዞርኩት።