በእኛ ምሰሶ ሥር የተቀመጠው ሰው

እስቲ ወዳጆቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የማታውቁት ሰው ከጀልባ ወርዶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ የሟች ባላችሁ ቦታ ላይ ቢቀመጥ?

እዚህ ኪሪባቲ፣ ኖኑቲ ደሴት ላይ በማኔያባው፣ በትልቁ የመሰብሰቢያ ቤታችን፣ እያንዳንዱ ዘር የራሱ ምሰሶ አለው። እንግዳም የእንግዳ ቦታ አለለት። በሌላው ዘር ምሰሶ ሥር የተቀመጠ ሰው ግን፣ አፉን ባይከፍትም፣ «ደማችሁ ነኝ፤ ከመሬቱም ድርሻ አለኝ» ማለቱ ነው። የእኛ መሬት ደግሞ ከወዲህኛው ባሕር እስከ ወዲያኛው ባሕር ቢጮሁ የሚሰማባት ናት። ልጄ ኢዮቴባ እዚያች ላይ ነው ለሚስቱ ቤት ሊሠራ እንጨት የቆረጠው። ግማሿ ከሄደች የቀረችው ለአሳማዬም አትበቃም።

ሰውየው ኮራቢ እባላለሁ አለ። ከሰለሞን ደሴቶች ነው የመጣሁት፤ እንግሊዞች በድርቁ ዘመን አያቴን ከዚህ አንስተው መጀመሪያ ፊኒክስ ደሴቶች፣ በኋላም እዚያ አሰፈሩት አለ። መወሰዱስ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ሄዷል። ግን ብዙ ሰው ስለሄደ አይደል እንዴ፣ ማንም ተነስቶ «አያቴ ነው የሄደው» የሚለው?

ቶሎ ቶሎ ይስቃል። ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ሁሉ በቃሉ ያወጣዋል። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ በሌላው እሱን ነበር የማየው።

ሽማግሌው ቴኢዋኪ ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ።

«ኔይ ሜሬ፣ የባልሽን አያቶች አንድ ሳይስት ቆጠራቸው እኮ» አለኝ።

«ስም ማን አቃተው? የሰለሞን በቀቀንም ይሸመድዳል!»

ሳቀብኝ። «እንግዲያው ፈትኑታ።»

«በምን?»

«በጎደሬው ጉድጓድ ነዋ!»

ጎደሬያችን የሚበቅለው ጥልቅ ተቆፍሮ ከሥር ውሃ በሚወጣበት ጉድጓድ ነው። እንዲፋፋ የትኛውን ቅጠል እናበላዋለን፣ እንዴት ይታሰራል፣ ምን እየተባለ ይጨመራል፣ ይሄ የየዘሩ ምስጢር ነው። አባት ለልጁ ይነግራል፤ ለጎረቤት ከሚነግር ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል።

ጠዋት እኔ፣ ኮራቢና ምስጢሩን ከአባቱ የተማረው ኢዮቴባ ጉድጓዱ ዳር ቆምን። ኮራቢ ሸሚዙን አውልቆ ሊወርድ ሲል ዞሮ አየኝ።

«እናቴ፣ እስቲ ዞር በይልኝ።»

«ምን አልከኝ?»

«አንቺ እያየሽ አልሠራም። የመጣሽው ከሌላ ዘር ነው።»

«ኧረ ጉድ! እዚህ ጉድጓድ ዳር ጸጉሬ ሸበተ! ይሄንን ጎደሬ ቀቅዬ ነው ልጆች ያሳደግሁት! አንተ ትናንት ጨው እያራገፍክ የወረድከው ሰውዬ...»

«ባልሽ ሲያበላው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ነፍሱን ይማርና፣ ያ ሰውዬ ቅጠሉን ሊያስር ሲል ሁልጊዜ ኮኮናት ልቀሚ ብሎ ይልከኝ ነበር።

ኢዮቴባ መሬት መሬት እያየ «እማ፣ እውነቱን ነው። ሂጂ» አለኝ።

የወለድኩት ልጅ! ሄጄ ከዛፍ ጀርባ ተቀመጥኩና መቁጠሪያዬን ያዝኩ። ግን እጄ ይቆጥራል እንጂ ልቤ እዚያ ነው። ደሞ አሰብኩት። እውነተኛ ዘመድ ምስጢር ይጠብቃል፤ ልክ ነው። ሌባስ? ሌባም ምስክር አይወድም።

ቅጠል ሲቀነጠስ ሰማሁ። ማጉረምረም ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ልጄ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ወጣ።

«እህስ?»

«የእኛ ነው፣ እማ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ልክ እንደ አባባ ነው ያደረገው። እንዲያውም እኔ የረሳሁትን አስታወሰኝ።»

«የረሳኸውን? ከረሳኸው ታዲያ ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?»

የጉልበቱን ጭቃ በእጁ ጠረገ። «እማ፣ በቃሽ።»

«ውሸታም ነው በል። አንድ ቃል ብቻ። መሬቱ ያንተ ነው።»

«እሱን ብዬ አባባ ቦታ ላይ እንዴት ነው የምቀመጠው?» አለኝና ሊታጠብ ወደ ባሕሩ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ መሬቱን ለሁለት ከፍለው መሃሉ ላይ ድንጋይ አቆሙ። የልጄ ቤት አጥሮ ተሠራ፤ ሚስቱ ስትገባም ስትወጣም ትገላምጠኛለች፣ እኔ የሰጠሁ ይመስል። ኮራቢ ዓሣ ሲያጠምድ ከሁሉ በፊት ለእኔ ያመጣል። «እናቴ፣ ብዪ» ይለኛል። እበላለሁ። ዓሣው ምን አደረገኝ? ብቻ እየበላሁም አየዋለሁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ወደ ሰለሞን ደሴቶች የሚሄድ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ የኪሪባቲ ሰዎች የሰፈሩበት መንደር ሲደርስ፣ የኮራቢ አያት ከየትኛው ደሴት እንደመጣ ይጠይቅልኝ። መልሱን ለእኔ ብቻ ላኩልኝ። ልጄ እንዳይሰማ፣ አደራ።