ስልሳ ሰባተኛው ምሰሶ

ሰፈርተኛው ‹‹ደቂቃ›› ይላታል። ስሟ ጠፍቶት አይደለም። ሰላም ሲሏት እንኳ ወሬዋ ከደቂቃና ከሰከንድ ስለማይርቅ ነው። መነጽር ቤት ውስጥ መስተዋት እየሞረደች ፍሬም ላይ ስትገጥም የምትውል የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። ሩጫ የጀመረችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ስለተቸገረች ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ማራቶን በአራት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ጨረሰች። ሁለተኛው አራት ከሰባት ሆነ። ሦስተኛውን በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ገብታ፣ ማታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣባትና አልለቅ አላት።

በዓመት አንዴ የሚካሄድ ትልቅ ማራቶን አለ። ስለፈለጉ ብቻ አይገቡበትም፤ በዕድሜ የተመደበ ማጣሪያ አለው። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ በታች መሮጥ አለባት። ስድስት ደቂቃ መቀነስ ማለት ነው። ደቂቃ የወንዝ ዳሩን ውድድር መረጠች፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ የትልቁ ማራቶን ምዝገባ ከመዘጋቱም ሁለት ወር ያህል ይቀድማል። የዐሥራ ስድስት ሳምንት ዕቅድ አውጥታ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ለጠፈች። ቧንቧ ሠራተኛው ባሏ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየና፣ ‹‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ እኔ ቤት ይግቡ?›› አላት። ደቂቃ ትራሱን ወረወረችበት።

አባቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። አርባ ዓመት ቀያሽ ነበሩ፤ መንገድና መሬት ሲለኩ ኖረው በጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው መንገደኛ ሲቆጥሩ ይውሉ ነበር። ደቂቃ አንጀቷ ስላልቻለ፣ የወንዝ ዳሩ ውድድር በጎ ፈቃደኞች ሲፈልግ ሳታማክራቸው አስመዘገበቻቸው። ተቆጡ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ቢጫውን ሰደርያ ለብሰው መስተዋት ፊት ቆሙ። ከሦስቱ የመመለሻ ቦታዎች አንዱ ተሰጣቸው። ሥራቸው ጎህ ሳይቀድ ሄደው፣ ቁጥሩ በወረቀት በተሰጣቸው የመብራት ምሰሶ ሥር ሯጩ ዞሮ የሚመለስበትን ምልክት ማቆም፣ ከዚያም ሰው ሳይዞር እንዳያልፍ መጠበቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ፣ መነጽሬ ደከመብኝ፣ እዪልኝ ብለዋት ነበር። ደቂቃ ሁለቱንም ጊዜ ከውድድሩ በኋላ አለቻቸው። ከሥራ ስትወጣ ጫማ ቀይራ ወደ መንገድ ነበር የምትሮጠው።

የውድድሩ ቀን ሁሉም ነገር ቀናት። ሃያ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አባቷን እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ቆመው አየቻቸው። እሳቸው ሥራ ላይ ስለነበሩ ፈገግ እንኳ አላሉላትም። ምልክቱን ዞራ ተመለሰች። በሦስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ ገባች። ባሏ አቅፎ አነሳት፣ አለቀሰች፣ በዚያው ቀን ማመልከቻዋን ሞልታ ላከች።

በአራተኛው ቀን ከአዘጋጆቹ መልእክት መጣ። ከመመለሻ ምልክቶቹ አንዱ ያለ ቦታው በመቆሙ መንገዱ በአራት መቶ ስምንት ሜትር አጥሯል፤ ስለዚህ የተመዘገበው ሰዓት ለማንኛውም ማጣሪያ አያገለግልም ይላል። ደቂቃ ይህን ስታነብ መሞረጃው ላይ የነበረው መስተዋት ተሰነጠቀባት። የማን ምልክት ነው ብላ አልጠየቀችም። አባቷ በአርባ ዓመት ሥራቸው ስንዝር ያሳቱ ሰው ስላልነበሩ እሳቸውን ማሰብ በጭራሽ አልመጣላትም።

እራት ላይ ቆሽቷ አርሮ ነበር። ‹‹ዕውር ነው እንዴ ያቆሙብን? ምሰሶ ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንበብ ያቅታል?›› አለች።

አባቷ የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡ። ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ ደክሞኛል ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መነጽር ቤቱ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ በቀያሽነት ዘመናቸው የሚገፉትን የመለኪያ ጎማ ይዘዋል። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡና ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

‹‹ወረቀቱ ስልሳ ሰባተኛው ምሰሶ ይል ነበር›› አሉ። ‹‹እኔ ስልሳ አንደኛው ሥር ነው ያቆምኩት። በምሰሶና በምሰሶ መካከል ሠላሳ አራት ሜትር አለ፤ ዛሬ ሄጄ ለካሁት። ስድስት ምሰሶ፣ ደርሶ መልስ፣ አራት መቶ ስምንት። ዕውሩ እኔ ነኝ፣ ልጄ።››

ደቂቃ ትናንት እራት ላይ የተናገረችው ቃል ትዝ አላት። ተነስታ ወንበሩን ቁጥሮች ወደተጻፉበት የዐይን መመርመሪያ ሰሌዳ አዞረችና በአንድ ዐይናቸው እንዲያነቡ ጠየቀቻቸው። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሙ። በሌላኛው ዐይናቸው ሦስተኛው ላይ ደረሱና ሰባቱን አንድ ብለው አነበቡ።

‹‹ሁለት ጊዜ ነግረኸኝ ነበር፣ አባዬ።››

‹‹ሥራ በዝቶብሽ ነበር።››

‹‹ሥራ አልነበረም፤ ሩጫ ነው›› አለች። እንባዋን በመስተዋት መጥረጊያው ጨርቅ ጠረገች።

አባቷ ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። በእርሳስ ስሌት ሠርተው ነበር። የጎደለውን መንገድ በዚያው ፍጥነቷ ብትሮጠው ኖሮ በሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ትገባ እንደነበር፣ ስለዚህ ምልክቱ በቦታው ቢቆምም ማጣሪያውን እንደማታልፍ አስረዷት።

ደቂቃ ወረቀቱን አየች፣ እሳቸውን አየች። ‹‹ይሄ ማጽናናትህ ነው?››

‹‹ልኬት ነው›› አሉ።

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግን አልሳቁም። ወደ አዘጋጆቹ ሄደው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን እንደሚናገሩ ነገሯት። ማንም ስምህን አላነሳም፣ ይቅርብህ ብላ ለመነቻቸው።

‹‹ስምንት መቶ ሰው ነው የሮጠው›› አሉ። ‹‹ማን እንደሆነ የማያውቀውን ሰው ሲረግም ይኑር? ፊቴን አይቶ ይርገመኝ።››

አዲሱን መነጽር በዚያው ቀን ሠራችላቸውና አብራቸው ሄደች። የውድድሩ ሰብሳቢ በጡረታ የወጣች የስፖርት መምህርት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና፣ አንድን ሰው ብቻውን ልኮ የሚያጣራ አለመመደብ የእኛ ጥፋት ነው አለቻቸው። ከሰባት ሳምንት በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ሌላ ማራቶን አለ፤ የተጎዱት ሯጮች በነፃ እንዲገቡ ተስማምተናል፣ መንገዱን ከሚለኩት ጋር አብረው ቢለኩ ደስ ይለኛል ብላ ጨመረች። አባቷ ለሯጮቹ እንድትሰጥ ስልካቸውን ትተውላት ስለነበር በዚያ ሳምንት አንድ ሯጭ ደውሎ አፉ ያመጣለትን ሁሉ ተናገራቸው። ስልኩን ሳይዘጉ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ ‹‹እውነትዎን ነው›› ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደወለና በተናገረው እንደተጸጸተ ነገራቸው።

የሐይቁ ውድድር የሚውለው የትልቁ ማራቶን ምዝገባ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ባሏ አልወደደውም። ገና ያልጠገገ እግር ነው፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም አላት። ደቂቃ ግን ሁለት ሳምንት በእርምጃ ብቻ አሳልፋ፣ ሦስት ሳምንት ጠንክራ ሮጣ፣ የቀረውን ልታርፍበት ወሰነች። አባቷ በየማለዳው ከለኪዎቹ ጋር ይወጣሉ። ማታ ማታ እሷ ስለ እግሯ፣ እሳቸው ስለ ሐይቁ መታጠፊያዎች ያወራሉ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ባሏ የቧንቧ ዕቃውን መከመር ጀመረ፤ ማንም አልተቃወመውም።

የውድድሩ ቀን ከሐይቁ ነፋስ ተነሳ። ደቂቃ እስከ ሠላሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር በሰዓቷ ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት ገጠማት፤ ከአንድ ግዙፍ ሰው ጀርባ ተጠግታ ጥቂት ተከለለች፣ እሱም ሲደክም ብቻዋን ቀረች። የመጨረሻውን መታጠፊያ ስትዞር ከፊቷ ያለው ትልቅ ሰዓት ሦስት ከአርባ ዘጠኝ ደቂቃን ጨርሶ ወደ ሃምሳ ሲሻገር አየች። አሁንም ግን አልተራመደችም። ባላት ኃይል ሁሉ ሮጠች። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ከዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ውሃ ይዞ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ፈታላት። አባቷም ደረሱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

‹‹መንገዱ ልክ ነው?›› አለቻቸው።

‹‹አንዲት ሜትር አትጎድልም።››

ደቂቃ በጣቷ ጭኗ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ‹‹ባለፈው የእውነቱ ሃምሳ አንድ ከአምስት ነበር። በሰባት ሳምንት አርባ ስድስት ሰከንድ ወርጃለሁ ማለት ነው፤ ያውም በዚህ ነፋስ።››

‹‹በዚህ ነፋስ›› አሉ አባቷ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። አጠገቧ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። የቀረው ሯጭ ከፊታቸው እያነከሰ ሲያልፍ ሦስቱም ያዩት ነበር።

የዚያን ዓመት ትልቁ ማራቶን አመለጣት። ያ ቀን ውሎ አድሮም ቆጫት፤ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ዐሥራ ዘጠኙን ሰከንድ የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደጣለችው ስትፈልግ አደረች። ሰኞ ሥራ ገባች። አንዲት ደንበኛ እንዴት ሆነ ብትላት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ቀረኝ አለቻት። ሴትየዋ አዝና ከንፈሯን መጠጠች። ደቂቃ ግን ድሮ የቀራት ስድስት ደቂቃ እንደነበር አስታውሳ ፈገግ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ለሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያ የሚያገለግል፣ ከአምስት ወር በኋላ የሚሮጥ ውድድር አገኘች። ቅጹ ይገቡበታል ብለው የሚያስቡትን ሰዓት ይጠይቃል። ሦስት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ልትል አሰበችና ተወችው። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ብላ ጻፈች፣ ላከችው፣ መሞረጃውንም መልሳ አስነሳች።