አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

መምህር ኢያቄም ኩላሊቱ ታሞ ቤት ከዋለ በኋላ ሕመሙን የሚያስረሳው አንድ ቁጥር ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም ብሎ ጠርጥሮ፣ በእጁ ሊያረጋግጥ ተነሣ።

«ስልክህ ወዲያው ይነግርህ የለም እንዴ?» ይለዋል መሓሪ፣ አብሮት ሒሳብ ሲያስተምር የኖረው ጓደኛው።

«ተወኝ እባክህ። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ?»

ለሰባት አካፈለ፤ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት። ከኩላሊት እጥበት ተመልሶ አቅም ሲያገኝ ጥቂት ይጨምራል። ሁልጊዜ ቀሪ አለው።

ሚስቱ ጀማነሽ ቁጥር አትወድም። ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን ቄራ አንድ ክፍል ተከራይተው ገብተዋል፤ የሚጠይቃቸውም መሓሪ ብቻ ሆኗል። አንድ ቀን ከሰዓት ኢያቄም እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ጨረስኩ! ለምንም አይካፈልም» አላት። እንደዚያ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች። በማግስቱ ሞተ።

«መቃብሩ ላይ ከስሙ ሥር ቁጥሩ ይቀረጽልኝ» አለችው መሓሪን። «ልጅ እንኳ አልወለድንም። እሱ ይኑርለት።»

መሓሪ ባምቢስ ጋ ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን አስገባ። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሲባዛ በሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት። ኢያቄም አንዱ ጋ ማካፈሉን ስቷል። ታክሲዎቹ አለፉት። የሒሳብ መምህር መቃብር ላይ ስሕተት ሊቀረጽ ነው፤ ነገ አንዱ ተማሪያቸው አይቶ ይስቅበታል። አንድ ሚሊዮን ሦስትን ሞከረ። እሱ በእውነት አይካፈልም። እምነበረድ ቀራጩ ዘንድ ሲደርስ ዘጠኟን ሦስት አስደረጋት።

በአርባው ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲሄዱ ጀማነሽ ድንጋዩን በጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄ ሦስት ነው።»

«ቀራጩ ተሳስቶ ይሆናል» አለ መሓሪ።

«በሬሳ ይቀለዳል እንዴ? አሁኑኑ ሄጄ ልኩን ነው የምነግረው!» ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ጀመረች።

መሓሪ ክንዷን ያዘ። ሰውዬው ያለ ጥፋቱ ሊሰደብ ነው። «እኔ ነኝ ያስለወጥኩት። ዘጠኙ... ማለቴ፣ የእሱ ቁጥር ይካፈላል። ተሳስቶ ነበር።»

ጀማነሽ አየችው። «እርግጠኛ ነህ?»

«ደጋግሜ አየሁት።»

«ደስ ብሎት እኮ ነው የሞተው» አለች። «እኔም የቀረችኝ ያቺ ቁጥር ነበረች። ምናለ ዘጠኙን ጽፈህ ዝም ብትል?»

«አስመልሰዋለሁ።»

«አሁንማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አስፍቀው። ሁለቱንም አልፈልግም።»

ቀራጩ ቁጥሩን በማሽን ፋቀው። ከስሙ ሥር ድንጋዩ ጎድጉዶ ሻክሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ መሓሪ ሲደውል አታነሣም። ከፋሲካ በኋላ ቄራ ሄዶ ቢያንኳኳ የማያውቃት ሴት ከፈተችለት። ጀማነሽ ለቃ ደብረ ብርሃን እህቷ ዘንድ ሄዳለች አለችው። የእህቷን ስልክ ጠየቃት። የላትም።