ዳማ ሰላም ሳይል አያልፍም

አሊዪ ያን ዕለት ጧት ፈረሱን ዳማን ሲጭን የኮርቻውን ጠፍር ሁለት ጊዜ አሳስቶ አሰረ። ብርድ ነው እንዳይባል፣ የዲንሾን ብርድ ስልሳ ዓመት ለምዶታል። ነገሩ ሌላ ነው። የፈረስ አከራዮቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጀሊል ከትናንት በስቲያ ቁርጡን ነግሮታል።

«ኦቦ አሊዪ፣ አይቀየሙኝ። አንድ ቅሬታ ከተጨመረ ዳማ ከኪራዩ ተራ ይወጣል።»

ዳማ አይነክስም፣ አይራገጥም፣ ሰው ጥሎ አያውቅም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ይቆማል። ማንም አላስተማረውም። በዚህ አገር ሰላምታ ማለት «ደህና ነህ?» ብሎ እብስ ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ዝናቡ። አላህ ይመሰገናል። ሲያበቃ ደግሞ የተጠየቀው በተራው ከላይ ይጀምራል። አሊዪ ደግሞ በዚህ በኩል ከሰው ሁሉ የባሰ ነው። ዳማ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ አጠገቡ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲሰማ አደገ። እና አሁን ሰላምታው ሳያልቅ ቢለምኑትም ቢቆጡትም ንቅንቅ አይልም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ «ፏፏቴ ላያለሁ ብዬ መጥቼ የሰው ላም ጤንነት ስሰማ ዋልኩ!» ብሎ መንደሩን በጩኸት ቀወጠው። ከዚያ በፊትም ሁለት ሰዎች አጉረምርመዋል።

ዳማ ከተራ ከወጣ አሊዪ ምን ይሆናል? ልጆቹ ሮቤ ሱቅ አላቸው፤ «አባ፣ ና እኛ ዘንድ ተቀመጥ» ይሉታል። ሱቅ መቀመጥ! ከስኳርና ከሳሙና ጋር! የዌብን ወንዝ ሳያይ፣ ሸለቆውን ሳይወርድ የሚያልፍ ቀን ለአሊዪ ቀን አይደለም። ስለዚህ ዳማን እየጫነ ቆረጠ። ዛሬ ማንንም ሰላም አይልም። አለቀ።

የዚያን ቀን እንግዶች ከጎባ የመጡ ስድስት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ወንዙ ድረስ ወርደው ፏፏቴውን ሊያዩ፣ ትራውት ዓሣ አጥምደው እዚያው ጠብሰው ሊበሉ ነው። የዳማ ተራ ለሰርክአዲስ ደረሰ። ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ ፈረስ ላይ ስትወጣም የመጀመሪያዋ ነው።

«አባባ፣ አይጥለኝም አይደል?»

«እሱ? እንኳን ሊጥልሽ፣ መሮጡንም ትቶታል» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ጀሊል እንግዶቹን እየመራ ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ ደግነቱ አልሰማም።

ገና ቁልቁለቱን ሲጀምሩ አህያ የሚነዳ ሰው መጣ። «አሊዪ! አካም ነጋ?» ሲል ከሩቁ ሰላምታ ጀመረ። አሊዪ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዳማ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። አሊዪ ልጓሙን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተ። ዳማ አንገቱን አስረዘመ እንጂ እግሩን አላነሳም። ከብዙ ትግል በኋላ ባለ አህያው ግራ ገብቶት ሲሄድ ነው የተንቀሳቀሰው።

«አባባ፣ ሰውዬው እርስዎን የጠሩ መሰለኝ» አለች ሰርክአዲስ።

«አልሰማሁም።»

ሽማግሌው ጃለታ ሲመጡም እንደዚያው ሆነ። እሳቸውማ ሰላምታቸውን ለብቻቸው ጀምረው ለብቻቸው ጨረሱት። አሊዪ ላብ አጠመቀው። ሦስተኛዋ ግን አሮጊቷ አደ ረቢያ ነበሩ፤ የወተት ዕቃቸውን አዝለው ከወንዙ ሽቅብ ሲመጡ ከሩቅ ለያቸው። የአሊዪ ሚስት የሞተች ጊዜ፣ እኚህ ሴት አርባ ቀን ሙሉ በየጧቱ ወተት ይዘው እየመጡ አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከእናት ልጅ ይበልጣሉ።

«አሊዪ! ነጋ? ቤቱ ደህና? ልጆቹስ?»

አንገቱን ደፋ። ዳማን ጎተተ። ዳማ እንቢ አለ፤ እሱም እንደ እብድ ጎተተው። ድንጋዩ እየተንከባለለ፣ ሰርክአዲስ ኮርቻውን ጨብጣ «ኧረ አባባ!» እያለች፣ አሮጊቷን አልፈው ወረዱ። ወደ ኋላ አልዞረም። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለ ለራሱ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሌሎቹ ቀድመው መንጠቆ ጥለው ነበር። ፏፏቴው ከገደሉ እየወረደ ፍንጣቂውን ያርከፈክፋል፣ ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ጎሹ የሚባለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ትልቅ ዓሣ ያዝኩ ብሎ ሲፈነጥዝ እግሩ አዳለጠውና እስከ ወገቡ ገባ። ዓሣውም ሄደ፣ ጫማውም ሄደ፤ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰርክአዲስ ግን ገና መንጠቆ እንደ ጣለች ያዘች። ዓሣው ሲንፈራገጥ ጩኸቷ ሸለቆውን አናጋው። «ያዝኩ! እናቴ ትሙት፣ ያዝኩ!» ጀሊል እንኳን ተደስቶ አጨበጨበላት። ሁሉ ሰው ደስ ብሎታል። አሊዪ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት ይጭራል።

የሌሎቹ ዓሣ ፍም ላይ እንደ ተጣደ ነው ጀሊል ቀና ብሎ «እነዚያ ምንድን ናቸው?» ያለው።

በቁልቁለቱ ሰው ይወርዳል። አንድ፣ ሦስት፣ ደርዘን ሰው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት አደ ረቢያ ናቸው፤ ያንን ወተት እንደ ተሸከሙ ተመልሰዋል። አሊዪ ፊት መጥተው ቆሙ።

«አሊዪ፣ ማን ሞተብህ?»

«ምን?»

«አትደብቀን። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ሞቶበታል። ከእኛ ጋር አልተጣላህም። ሮቤ ልጆችህ ጋ አስደወልን፤ ደህና ነን አሉ። እንግዲያው ማነው?» ከኋላቸው አንዲት ሴት ማልቀስ ጀምራለች።

አሊዪ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ጀሊልን አየ፣ ዳማን አየ። ከዚያ የአደ ረቢያን ዓይን ሲያይ መዋሸት አቃተው።

«ማንም አልሞተም» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ፈረሱ እንዳይቆም ብዬ ነው። ከቆመ ቅሬታ ይመጣል፣ ቅሬታ ከመጣ ከተራ ይወጣል። እና... አለፍኳችሁ።»

የምታለቅሰው ሴት ለቅሶዋን አቆመች።

«ለፈረስ ብለህ እኔን?» አሉ አደ ረቢያ ቀስ ብለው። ከስድብ ሁሉ የባሰ ይሄ ነበር። አሊዪ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ጀሊል ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፣ ሰዉም እያየው ነው። «እህቴ» አለ ወደ ሰርክአዲስ ዞሮ፣ «በመንገድሽ ላይ ቅሬታ አለሽ?»

«አዎ፣ አለኝ።»

አሊዪ ዓይኑን ጨፈነ።

«ግን በፈረሱ አይደለም» አለች ዓሣዋን እንደ ያዘች። «ፈረሱማ ሦስቱም ሰው ዘንድ ቆሟል። ጎትተው ያሳለፉት እሳቸው ናቸው! እኚህ እናት ሰላም ሲሉ እኔ ከላይ ተቀምጬ የምገባበት ጠፋኝ። ቅሬታዬ በአባባ ላይ ነው።»

ከመጡት መሃል ሽማግሌው ጃለታ «እኮ! ዳማ ሰው ሆነ፣ አሊዪ ፈረስ!» ብለው ሲጮኹ ሳቁ ገደሉን አስተጋባው። ጀሊል ራሱን አከከ፣ ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«እንግዲህ ቅሬታ የቀረበበት ከተራ ይወጣል ብለናል» አለ። «ፈረሱ ላይ የቀረበ የለም። ዳማ ይቆያል። ኦቦ አሊዪን ግን እኔ እንጃ፤ አደ ረቢያ ይወቁ።»

አሊዪ ተነሳ። ጋቢውን ከፊቱ ገፈፈና ሄዶ የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አደ ረቢያ። ነጋ? ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

እሳቸው መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ አስጠበቁት። ከዚያ «ወአለይኩም ሰላም፣ አንተ ልበ ደረቅ» አሉና እጁን ጥብቅ አድርገው ጨበጡት። ስለ ልጆቻቸው ነገሩት፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነገሩት። ከኋላቸው ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ሰርክአዲስም ዓሣዋን ለጎሹ ሰጥታ መጨረሻው ላይ ተሰለፈች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጎሹ ባዶ እግሩን ሆኖ «ፈረሶቹን እንጫን እንዴ?» አለ።

«ቁጭ በል» አለው ጀሊል። «ገና የላሟ ነገር አልተነሳም።»