ቫዝሊን የጠጣ ጎማ

«አሁንም ይተነፈስበታል?»

ሀብተ ወልድ የሚባለው ሰውዬ መሊካን የጠየቃት ስለ አባቷ የውኃ መጥለቂያ ዕቃ ነው። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ከወንድሟ ከጃፋር ሱቅ ደጃፍ ቆመዋል። አባቷ ከሞተ ወዲህ በዚያ ዕቃ የተነፈሰ ሰው የለም። እሷ የምታውቀው ማስቀመጡን ነው እንጂ መጥለቁን አይደለም።

ጃፋር ግን ጥያቄ አይከብደውም። «እንዴታ! ከአዲስ ይሻላል» አለ። «እንግሊዝ የሠራው ዕቃ እኮ ነው። አሁን እንዲህ ዓይነቱን ከየት ታመጣለህ?»

ሀብተ ወልድ ደስ አለው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሎጅ እየከፈተ ነው። የድሮ የጠላቂ ዕቃ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጎበዝ ልጅ ለብሶት ሐይቁ ውስጥ ሲጠልቅ ቪዲዮ ይቀረጽለታል፣ ለማስታወቂያ። የአየር ሲሊንደሩን ራሱ አዲስ ያመጣል። ጎበዙ ልጅ ደግሞ የመሊካ ልጅ አሚር ነው። ቪዲዮው ካማረ እንግዶችን የሚያዋኝ ሆኖ እዚያው ይቀጠራል። አሚር ከዚህ ሁሉ የሰማው «ይቀጠራል» የሚለውን ብቻ ነው።

«በቃ፣ እሑድ ውኃው ዳር እንገናኝ» ብሎ ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገባ።

መሊካ ያን ጊዜ ነው ዕቃውን ቀረብ ብላ ያየችው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ አምሮ አይታው አታውቅም። የፊት ጭንብሉ፣ እግር ላይ የሚጠለቀው የዳክዬ እግር መሳይ መቅዘፊያ፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ የተሸበሸቡት ሁለት የመተንፈሻ ቱቦዎች፣ ሁሉም ጥቁር ሆነው ያበራሉ። ሁለቱ ቱቦዎች መሐል ላይ ታጥፈው ከበሩ በላይ ባለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱን ያዝ አደረገችው። ጣቷ ተጣበቀ። ስታነሳው መዳፏ ላይ ጥቁር ነገር ቀረ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ጃፋር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ምን ቀባኸው?»

«ቫዝሊን ነዋ! ምን ልቀባው ኖሯል፣ ቅቤ?» ሳቀ። «አንቺ ጋ የነበረበትን ጊዜ አስታውሺ እስቲ። ወፍጮ ቤት የዋለ አህያ ይመስል ነበር። መርካቶ ውስጥ ያላበራ ዕቃ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

መሊካ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

አባቷ አሰብ ወደብ ላይ ጠላቂ ነበር። የመርከብ ሆድ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል እየፋቀ ነው ያሳደጋቸው። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ይዞ የመጣው ይህን ዕቃ የያዘ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ነው። ጃፋር ያን ጊዜ ሳጥኑን እንደ ከበሮ ይደልቅበት ነበር። የአባቷን ምክር ቁጭ ብላ የምትሰማው እሷ ነበረች። ጎማ ከዛፍ ደም የሚሠራ ነገር ነው ይላት ነበር አባቷ፣ ስለዚህ ያረጃል፣ ይሞታልም። ፀሐይ ይጠላል። ሙቀት ይጠላል። አጥፈሽ ካስቀመጥሽው የታጠፈበት ላይ ይሰነጠቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘይትና ቅባት ይጠላል፤ ቅባት ሲጠጣ መጀመሪያ ያምርበታል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እንደ በሰለ ሙዝ ይሟሟል። ብየዳ ያለበት ሰፈርም አታስቀምጪው ይላት ነበር፤ ያ ሲበየድ የሚሸተው አየር ጎማውን ይበላዋል። ሳጥኑ ምን አለሽ ተራ ሳይሆን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ እሷ ቤት አልጋ ሥር የኖረው ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ታወጣዋለች። ያለ ሳሙና በንጹሕ ውኃ ታጥበዋለች፣ ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፣ የሕፃን ፓውደር ትነሰንስበታለች። ጭንብሉ ቅርጹ እንዳይጠፋ ውስጡን ነጠላ ቅዳጅ ትሞላዋለች። ቱቦዎቹን ቀጥ አድርጋ ታስተኛቸዋለች። ልጇ አፍራ «እማ ደግሞ ሬሳዋን ልትገንዝ ነው» እያለች ትስቅባታለች። ትሳቅ። ጎማው ነጭ፣ ደረቅና ደባሪ ነበር፤ ሲጎትቱት ግን ይሳብ፣ ሲለቁት ይመለስ ነበር።

ለጃፋር የሰጠችው ከአረፋ በዓል በኋላ ነው፣ ይሸጥ ብሎ አሚር ለምኗት። ሁለት ወር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከበያጁ ጎን፣ ታጥፎ፣ ቫዝሊን እየጠጣ!

ከሱቁ ሳፋ አነሳችና ውኃ ሞላችበት። አንዱን ቱቦ ከሚስማሩ አውርዳ አንዱን ጫፍ በመዳፏ ደፈነችው፣ ሌላውን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ውኃው ውስጥ ነከረችው፤ ነፋች።

ከሽብሽቦቹ መሐል አረፋ ወጣ። አንድ ቦታ አይደለም። ታጥፎ በተንጠለጠለበት ዙሪያውን።

አሚር ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። «እማ፣ ትንሽ እኮ ነው» አለ።

«ትንሽ? አየር በሚወጣበት ውኃ ይገባል! አንተ አፍህ ውስጥ ነው የሚገባው፣ የእኔ አፍ ውስጥ አይደለም!»

«አንድ ደቂቃ ነው የምጠልቀው። ዋና የማልችል አስመሰልሽኝ።»

«አያትህም ዋና ይችል ነበር። ለምን ይመስልሃል ታዲያ እንደ ሙሽራ ሲንከባከበው የኖረው?»

ጃፋር እጁን አወናጨፈ። «ኧረ መሊካ፣ ፋራ አትሁኚ! ጎሚስታ ምን ሊሠራ ነው የተቀመጠው? የከባድ መኪና ጎማ የሚለጥፍ ሰው ይቺን ቱቦ ያቅተዋል? ና አሚር!» ቱቦዎቹን እንደ ገመድ ትከሻው ላይ ጣላቸው። ሄዱ። ልጇ ዞር ብሎ እንኳን አላያትም።

መሊካ ተከተለቻቸው። ተሸካሚዎች መንገድ ለማስለቀቅ «ወገብ! ወገብ!» እያሉ በጎኗ ያልፋሉ፣ አንዱ ገፍትሯት አለፈ፣ አልሰማችውም። እየሄደች ብቻዋን ታወራለች። ቢቀደድ ያስቆጣት ነበር። ቢሰረቅ ያስቆጣት ነበር። ይኼ ግን ከዚያም ይብሳል፤ የገደሉትን ነገር አሳምረው «ከአዲስ ይሻላል» ይላሉ፣ ከዚያ ልጇ አፍ ውስጥ ሊከቱት ነው። ደግሞ ማን ይሰማታል? እሷ ስትጠብቀው የሞተ ይመስል ነበር። ጃፋር ሲገድለው ነው ሕይወት የዘራ የመሰለው።

ጎሚስታው ጥጋቡ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አስፋልቱ ዳር ነው የሚሠራው። ስትደርስ ቱቦውን እጁ ላይ እያገላበጠ ግራ ተጋብቶ ነበር።

«ጋሼ ጃፋር፣ የምን ማሽን ነው ይኼ?»

«የማሽን አይደለም፣ የሰው ነው። ውኃ ውስጥ የሚተነፈስበት።»

«እንዴ! እኔ መኪና ነው የምነፋው፣ ሰው አልነፋም» አለ ጥጋቡ። አጠገቡ የተቀመጠው ሊስትሮ ሳቀ።

«ለጥፍ ዝም ብለህ። ሒሳብህን ነው የምትፈልገው።»

«እሺ፣ እለጥፋለሁ። ግን ማስቲሹ መያዙን እንጃ፣ ቅባት አለው።» በጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ጠቆረ። እንደገና ጠረገው፣ እንደገና ጠቆረ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ራሱ ጎማው ነው እየለቀቀ ያለው።»

«ሰማህ?» አለች መሊካ።

«አንቺ ደግሞ እዚህም መጣሽ?» አላት ወንድሟ።

«ጥጋቡ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትነካው።»

«እትዬ መሊካ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ እነሱ ናቸው ያመጡት...»

«ለጥፍ!» አለ ጃፋር።

«ለጥፈው» አለ አሚርም። እናቱን ሳያይ ነው ያለው። «የእኔ ነገር ነው። እኔ ነኝ የምጠልቀው።»

መሊካ ልጇን አየችው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት የሰው ጭነት ተሸክሞ ማታ ትከሻው አብጦ ይገባል። ሥራ ፈላጊነቱ ይገባታል። ይገባታል! ግን ደግሞ እሑድ ሐይቁ ዳር ቆማ የምታየው ታያት፤ ውኃው በላዩ ይዘጋል፣ ሰዎች ስልካቸውን ደግነው ይስቃሉ፣ ጃፋር «አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል» ይላል።

የጥጋቡ ትልቁ መቀስ የመለጠፊያው ላስቲክ ላይ ተጋድሟል። አነሳችው። ማንም «ተይ» ለማለት አልደረሰም። አንዱን ቱቦ ከጥጋቡ እጅ ነጥቃ መሐሉ ላይ ቆረጠችው። ጎማው ምንም አልታገላትም፣ እንደ ለሰለሰ ሳሙና ነው የተቆረጠው። ሁለተኛውን ከጃፋር ትከሻ ላይ ጎትታ አወረደች፤ ያንንም ቆረጠች። ጫፉ ላይ ያለውን፣ በጥርስ የሚነከሰውን የአፍ ጎማም ለሁለት ከፈለችው።

«አበድሽ?!» ጃፋር ጮኸ። «የአባታችንን ዕቃ!»

«የአባታችን ዕቃ አልጋዬ ሥር ነበር! አንተ ነህ ሚስማር ላይ የሰቀልከው! አንተ ነህ እንደ ሙሽራ ፀጉር ቅባት ያፈሰስክበት! አባታችን ቢያይህ በጥፊ ነበር የሚልህ!» ድምጿ አስፋልቱን ተሻገረ። ሰው ቆመ። «ሂድ፣ ደውልለት ለሰውዬህ። የሚሰቅለው ግድግዳ ላይ አይደል? ጭንብሉን ይስቀል፣ መቅዘፊያውን ይስቀል። የልጄን ነፍስ ግን አይሰቅላትም!»

ጃፋር ደወለ። የሀብተ ወልድን ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ሁሉም ሰማው። ቪዲዮ ከሌለ ነገሩ ፉርሽ ነው፣ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ አለ። ስለ ልጁ ጃፋር ሲጠይቀው፣ ቃል አልገባሁም፣ ከፈለገ መጥቶ ያናግረኝ አለና ዘጋ።

አሚር የተቆረጠውን ቱቦ ከመሬት አነሳ። «ጎማውን አይደለም የቆረጥሽው» አለ። «እኔን ነው።»

«አዎ» አለች መሊካ። «ብትፈልግ ዕድሜ ልክህን ጥላኝ። ግን ቆመህ ጥላኝ።»

ዕቅፍ ልታደርገው እጇን ዘረጋች። ሸሸ። ጥጋቡ መቀሱን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደና ከላስቲኩ ሥር ደበቀው።

ጃፋር ያን ዕለት ሱቁን ሳይዘጋ ሄደ፣ ሲመሽ ጎረቤቶቹ ዘጉለት። አሚር ቤት ገብቶ ምንም አልበላም። አፍራ ልታባብለው ሞከረች፤ «ተይኝ» ብቻ ነው ያላት።

ቅዳሜ ጠዋት አሚር ሁለት ሱሪና አንድ ፎጣ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ ሰውዬውን ራሱ ሄዶ ሥራ ሊለምን በሚኒባስ ወደ ቢሾፍቱ ሄደ። መሊካና አፍራ ተክለ ሃይማኖት ቀሩ።