ለአንድ ሳህን አንድ ቁጥር

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እማማ ሥጋት ያልታጠቡትን ሳህኖች በሳፋ ሰብስበው አልጋቸው ሥር ደበቁ። ድስቱ አልገባ አላቸው፤ እሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ከካፖርታቸው ጎን አስቀመጡት። የአልጋ ልብሱን ወለሉ እስኪነካ ጎትተው ወደ ኋላ ሸሸት አሉና አዩት።

«ይታያል?»

«አይታይም» አለች የልጅ ልጃቸው። «ግን ይሸታል።»

ይህች ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በቤቱ የሚነሣው ጠብ ሁሉ እሷ ዘንድ ደርሶ ስለሚያልቅ «ዳኛ» ይሏታል። ስድስት ዓመት የሆነው ወንድሟ ደግሞ ከነጉንጩ «ድምቡሼ» ነው። አያታቸውንም «ሥጋት» ብላ የሰየመቻቸው የልጆቹ እናት፣ ማለትም ምራታቸው ናት። እማማ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ይፈራሉ፣ ሲያባራ ጉንፋን ይፈራሉ፤ ስልክ ሲጮኽ «ማን ምን ሆነ?» ብለው ነው የሚያነሡት። ስሙን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ግን «እኔ ባልሠጋ ይህ ቤት እስካሁን ይቆም ነበር?» ብለው ተቀበሉት።

«ቆይ ግን ለምን አናጥባቸውም?» አለ ድምቡሼ፣ አልጋው ሥር አጎንብሶ።

«አንተ ደግሞ!» አለችው ዳኛ። «አሁን ካጠብናቸው ማታ ምን ላይ ልናነብ ነው?»

እውነቷን ነው። የዚህ ቤት ነገር እንዲህ ነው። የልጆቹ እናት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ከንጋት ጀምራ የበሽተኛ አንሶላ ስትለይ፣ ስትዘፈዝፍ፣ በእንፋሎት ስትተኩስ ትውላለች። እጇን በረኪና ልጦታል። ከሥራ ገብታ ለቤተሰብ ጸሎት ስትንበረከክ ሁለተኛው ቁጥር ሳይነበብ ግንባሯ ወንበሩ ላይ ይደፋና ታንኮራፋለች። ባሏ ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ቀስቅሶ የሚያግዛት የለም። አንድ ቀን እንዲሁ ስታንጎላጅ ቆይታ ድንገት ብድግ አለችና «የእኔን እንቅልፍ የሚያባርረው ውሃ ብቻ ነው፤ ኑ ተከተሉኝ» ብላ ሁሉንም ወደ ኩሽና ነዳቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀኑ ዕቃ ሳይታጠብ ይጠብቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እናት ታጥባለች፣ ዳኛ ታለቀልቃለች፣ ድምቡሼ በፎጣ ያደርቃል፣ እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቃሉን ያነባሉ። ለአንድ ሳህን አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሳይነበብ ሳህኑ መደርደሪያ አይወጣም። ምዕራፉ ረዝሞ ዕቃው ካለቀ ንጹሑን ብርጭቆ አውርደው እንደገና ያጥባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ምዕራፍ ስለሚነበብ ከቁርስ ጀምሮ ያለው ዕቃ ሁሉ ይከማቻል። ሹፌሩም ካለበት መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ይደውላል፤ ድምፁ ጎላ እንዲል ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያቆሙታል። አንዳንዴ እማማ ሲሳሳቱ ከብርጭቆው ውስጥ «እማዬ፣ አንድ ቁጥር ዘለልሽ!» የሚል ይሰማል።

እማማ ሥጋት ይህን ነገር ወደዱትም፣ ፈሩትም። ያደጉት አባታቸው ዱላቸውን አጠገባቸው አጋድመው ቤተሰቡን በሚያንበረክኩበት ቤት ነው። እዚያ ያስነጠሰ እንኳ ይገሠጻል። አሁን ግን የመጽሐፉ ገጽ ዳር ዳሩ በሳሙና ውሃ ተኮማትሯል። «ቃሉን ከእጣቢ ጋር ደባለቅነው፤ ኋላ ይህ በልጆቹ ላይ ቢመጣስ?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ከረሙ። ሦስት እሑድ ቀደም ብሎ አላስችል ቢላቸው ቁራጭ ወረቀት አወጡና እንዲህ ጻፉ፤ «ምራቴ በጣም ደክማለች። በቤታችን ተንበርክኮ መጸለይ ቀርቷል። ሳህኑና ቃሉ ተቀላቅሎብናል። ጸልዩልን።» አጣጥፈው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለው የጸሎት ርዕስ ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ስማቸውን አልጻፉም። ምን ዋጋ አለው፤ በምእመኑ መካከል እንደ እሳቸው ፊደሉ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው የለም።

ወረቀቱ ከጸሎት ቡድኑ ወደ ጉብኝት ኮሚቴው ተሻገረ። ምክንያቱም ምራታቸው እሑድ እሑድ አርባ ሕፃናት ታስተምራለች። የራሷ ቤት እንዲህ ከሆነ የሰው ልጅ ምን ልታስተምር ነው ተባለ። ሐሙስ ዕለት ለእማማ ተደወለላቸው፤ ቅዳሜ ቤቱን መጥተው ያያሉ፤ አስተማሪነቷም የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

እማማ ለምራታቸው ትንፍሽ አላሉም። እሷ ከእሑዱ የሕፃናት ክፍል ውጭ ለራሷ የምትለው ነገር የላትም፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚያቆማት እሱ ነው። «ስምንት ሰዓት ላይ ኑልኝ» አሉ ለኮሚቴው፣ እሷ የምትገባው አሥር ሰዓት መሆኑን አስልተው። አይተው፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እሷም ሳታውቅ ነገሩ ያልፋል።

ኮሚቴው ግን የመጣው ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው።

ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ከፊት፣ ደብተር የያዘችው ጸሐፊ ከኋላዋ፣ ከሁለቱ ኋላ ደግሞ የሠፈሩ ባለሱቅ፣ ደረጃው አድክሟት እያለከለከች። ሰብሳቢዋ ሶፋውን ትታ ከኩሽናው በር አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ቤቱን በዓይኗ አዳረሰችው። ወለሉ ያብለጨልጫል። መስኮቱ ያንጸባርቃል። ሲንኩ ጠብታ ውሃ የለበትም።

«እማማ፣ ቤተሰቡ የሚጸልየው በስንት ሰዓት ነው?»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ እሜቴ። ሰዓት አናዛንፍም።»

«የት?»

«እ… እዚሁ ነው እንግዲህ። እርስዎ እንደሚያዩት ቤቱ ጠባብ ነው…»

«ኩሽና ነው እንጂ!» አለ ድምቡሼ። «ዛሬ ግን እንጃ፤ ሳህኖቹ እማማ አልጋ ሥር ናቸው። ድስቱ ካፖርት ጋ ነው።»

ባለሱቋ ሣቋን በሳል ለወጠችው። ጸሐፊዋ መጻፍ ጀመረች። እማማ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጣቸው በወደዱ ነበር፤ በዚያው ቅጽበት የበሩ ቁልፍ ተንቋቋና ምራታቸው ገባች። ከበረኪናው ሽታ ጋር፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

«ይሄ ቤት ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያብለጨልጨው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ከዚያ እንግዶቹን አየች። «እንዴ! እንደምን ዋላችሁ። ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው፣ እኅታችን» አለች ሰብሳቢዋ። «ማንም ሊያሳፍርሽ አልመጣም። አንቺም ደክሞሻል፤ ቤቱም ሥርዓት ጎድሎታል። ስለዚህ ለሦስት ወር ከልጆቹ ክፍል እረፊ። ቤትሽን አስተካክዪ። ነገ ሌላ ሰው ይገባል።»

ምራትየዋ ጫማውን እንደያዘች ቀረች። «ደክሞሻል ያላችሁ ማን ነው?»

ጸሐፊዋ ከደብተሯ መካከል ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። ምራትየዋ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ፊደሉን አየችው። አልጮኸችም። ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና «እማዬ» ብቻ አለች። እማማን በጥፊ ብትመታቸው ይቀላቸው ነበር።

«አዝኜልሽ እኮ ነው» አሉ።

«አዝነው ከሆነ ለኔ አይነግሩኝም? እዚያው ሲንኩ አጠገብ አይደል የምንውለው? ምን አስፈራዎት?»

«እግዚአብሔርን ፈራሁ» ሊሉ ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደረሰ፤ ግን አልወጣም። ውሸት ሆነባቸው። የፈሩት ከሞቱ አርባ ዓመት የሞላቸውን አባታቸውን ነው፤ ዱላቸው ዛሬም በዓይናቸው ላይ ነው። ሁሉም ተደርድረው ሲንበረከኩ ታያቸው፤ አባት፣ ወንድሞች፣ እኅቶች፣ አጎት። አንድ ሰው ጎደለባቸው። ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። እናታቸው የሉም። እናታቸው ኩሽና ነበሩ። እራት የሚያቀርብ ሰው ያስፈልግ ነበራ! ከግድግዳው ወዲያ የድስት ክዳን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። እኚያ ሴት በሕይወታቸው ሙሉ አንዲት ምዕራፍ እስከ መጨረሻዋ ሳይሰሙ ነው የተቀበሩት፤ ያንን ቤት ደግሞ ሰው ሁሉ የጸሎት ቤት ይለው ነበር።

እማማ ሥጋት ተነሡ። ጉልበታቸው ቋ አለ።

«ተነሺልኝ» አሉ።

ሰብሳቢዋ «እኔን ነው?» አለች። እስካሁን «እርስዎ» ስትባል ነበር።

«አዎ፣ አንቺን፣ ልጄ። የተቀመጥሽባት የማንበቢያ በርጩማዬ ናት። ዳኛ፣ ሳፋውን ከአልጋ ሥር ጎትቺው። ድምቡሼ፣ ድስቱን አምጣ፤ ካፖርቴን እንዳታቆሽሽብኝ።»

«እማማ፣ ይረጋጉ እንጂ…»

«ሰባ ዓመት ተረጋግቼ አላውቅም፣ ዛሬ አልጀምርም። ተነሺ!»

ተነሣች። ሳህኖቹ እየተንኳኩ መጡ፣ ሲንኩ ሞላ፣ የሳሙናው አረፋ ተነሣ። ምራትየዋ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ፊቷ ገና አልተፈታም፣ እጇ ግን ውሃ ውስጥ ገብቷል። እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ሰዓቱ ገና ነው» አለች ዳኛ። «አባዬ አልደወለም።»

«ደውዪለት። አስቸኳይ ነው በይው። አይ፣ አስቸኳይ አትበይው፤ መኪና እየነዳ ይደነግጥብኛል። ‘ዕቃው ቀድሞ ተነሣ’ በይው።»

ስልኩ ብርጭቆ ውስጥ ቆመ። እማማ አነበቡ፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሳህን። አንድ ቁጥር፣ አንድ ሳህን። ድምፃቸው መጀመሪያ እንደ ፊደላቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወደ አራተኛው ቁጥር ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ቆመ።

«ቃሉን በእጣቢ ውሃ ላይ?» አለች ሰብሳቢዋ። «እንዲያው አይከብድዎትም?»

እማማ ጣታቸውን ያነበቡበት ላይ አድርገው ቀና አሉ። «ሲከብደኝ ከረመ፣ ልጄ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ቤት ሁሉም ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ ወጡን የሚያማስለው ማን ነው?»

ባለሱቋ ቀደም ብላ «ሠራተኛዋ ናታ!» አለች፤ ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

«እዚህ ቤት ከቃሉ የሚቀር ሰው የለም» አሉ እማማ። «ሹፌሩ እንኳ አልቀረም፣ ይኸው ብርጭቆ ውስጥ ነው። ሥርዓት ጎደለ የምትዪው ይሄን ከሆነ ጎድሏል በይ፤ ጻፊው፤ በትልቁ ጻፊው። ወረቀቴን ግን መልሱልኝ።»

«የኮሚቴው ሰነድ ሆኗል እኮ» አለች ጸሐፊዋ።

«የጻፍኩት ለእግዚአብሔር ነው፤ ለኮሚቴ አልጻፍኩም። አምጪው።»

ጸሐፊዋ ሰብሳቢዋን አየች፤ ሰብሳቢዋ ወለሉን አየች። ወረቀቱ ተሰጠ። እማማ ተቀብለው ቀጥታ የሳሙናው ውሃ ውስጥ ወረወሩት። ቀለሙ ተፈታ፣ ውሃው ሰማያዊ መሰለ።

«ለሱም ቁጥር ይነበብለታል?» አለ ድምቡሼ።

«አይነበብለትም።»

ይሄኔ ምራትየዋ ሳቀች፤ ሳታስበው፣ በአፍንጫዋ። ባለሱቋም ቦርሳዋን አስቀምጣ ሁለተኛ ፎጣ ከመስቀያው አነሣችና ከድምቡሼ ጎን ቆመች። «ይቀጥሉ እንጂ እማማ፣ ድስቱ እየጠበቀ ነው» አለች።

ሰብሳቢዋ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «ውሳኔው ውሳኔ ነው። ነገ ሌላ አስተማሪ ትገባለች።»

«ትግባ» አለች ምራትየዋ፣ ከሲንኩ ዘወር ሳትል። «አርባ ልጅ ለሁለት ሰው አያንስም። እኔ ግን ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።»

በማግስቱ እሑድ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ የልጆች ክፍል ተከፍቶ ነበር። ምራትየዋ ሰሌዳው ጋ ቆማለች፣ አርባው ሕፃን ይንጫጫል። እማማ ሥጋት የበሩ መሐል ላይ፣ በአንዲት ቢጫ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሌሊቱን በሥጋት ሲገላበጡ ነው ያደሩት። ነፋሱ ማጅራታቸውን መታቸው፤ ወንበሯም ከአሁን አሁን ትሰበራለች ብለው ፈርተዋል። ቢሆንም ተቀምጠዋል።

ሰብሳቢዋ አንዲት ወጣት አስከትላ መጣች። ወጣቷ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በደረቷ አቅፋለች፣ ፈርታለች።

«እማማ፣ ያሳልፉን።»

«አልችልም፣ ልጄ።»

«እማማ!»

«ለእልህ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ በእልህ ነው የተቀመጥኩት፤ አሁን ግን የምሬን መነሣት አቃተኝ። ጉልበቴ ቆልፏል። ማንሣት ከፈለግሽ ሁለት ሆናችሁ ከነወንበሬ አንሡኝ። አርባ ሕፃን ግን ያያችኋል።»

ሰብሳቢዋ ወደ ውስጥ አየች። ልጆቹ ጫጫታቸውን አቁመው ወደ በሩ አፍጥጠዋል። ምራትየዋ ጠመኔውን እንደያዘች ትጠብቃለች፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ሰብሳቢዋ ዞራ በኮሪደሩ ሄደች። የጫማዋ ድምፅ እየራቀ ጠፋ።

ወጣቷ ቀረች። የምትሄድበት ጠፍቷት እግሯን ታፈራርቃለች።

«አንቺ ደግሞ ነፋስ ላይ አትቁሚ፣ ጉንፋን ይይዝሻል» አሏት እማማ። «በጎኔ እለፊ፤ ቀጭን ነሽ፣ ይበቃሻል። የልጆቹን የሥዕል ወረቀት አድዪላት፤ ስታስተምር እጇ ባዶ ሲሆን ደስ ይላታል።»

ወጣቷ በጎናቸው ሾልካ ገባች። እማማ ሥጋት ወንበሯን ወደ በሩ ፍሬም ጠጋ ለማድረግ ሞከሩ፤ አልተነቃነቀችም። ተዉአት፤ እዚያው መሐል ላይ እንዳሉ፣ ከኋላቸው ምራታቸው ትምህርቱን ስትጀምር ሰሙ።