ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘፈነ የሠርግ ዘፈን

ዓለምወርቅ ደብረ ብርሃን ሳለች እሷ ዘፈን ያላወጣችበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። እሷ ታወጣለች፣ ግቢ ሙሉ ሰው ይቀበላል። አሁን ደግሞ የገዛ ታናሽ እህቷ የመዓዛ ሠርግ ለእሑድ ሲቀጠር፣ እሷ ዓረብ አገር ሻርጃ፣ ተቀጥራ በምትሠራበት ማዳም ቤት፣ አባያ የሚሉትን ረጅም ጥቁር ቀሚስ ትተኩሳለች። ፈቃድ እንደሆነ የለም። ስለዚህ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የሚዘፈነውን በስልኳ ቀድታ ልትልክ ቆረጠች። በአካል ባልገኝ እንኳ ድምፄ ይገኝ አለች፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ችግሩ ማዳም ጩኸት አትወድም። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ከፍ ካለ «ኸላስ»፣ በቃ ነው። ታዲያ ይቺ ጉደኛ ምን አደረገች መሰላችሁ? ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በአባያዎቹ መሃል በሹክሹክታ ዘፈነች። ኧረ የሠርግ ዘፈን በሹክሹክታ! ሙሽራዋን ሊሰርቁ የመጡ ነው የሚመስለው።

ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ስልኳን ይዛ ጎረቤት ከተማ አጅማን፣ ንጋቱ ዘንድ ሄደች። ንጋቱ ቡር ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ቢድ ስፔስ በሚሉት የጋራ ክፍል አልጋው ላይ ላፕቶፑን ዘርግቶ የአገሩን ልጆች ዘፈን ያቀናብራል። ከበሮና ኪቦርድ አዘጋጅቶ ጠብቋታል። አንድ ላይ ሲያጫውተው ግን ከበሮ ብቻ ነው፣ ዓለምወርቅ የለችም። የእሷን ከፍ ቢያደርገው አብሮ የተቀዳው የማዳም ቤት ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ እንደ አውሮፕላን ተነሣ።

እንባዋ መጣ። ንጋቱ ሳቀባት። በቀስታ የተቀዳ ድምፅ ሲነሣ አብሮት ያለው ሁሉ እንደሚነሣ፣ ስለዚህ እሷን ከመጎተት ሌሎቹን ማውረድ እንደሚሻል አስረዳት። ከበሮውን አወረደ፣ ኪቦርዱን አወረደ፣ የኤሲውን ጉምጉምታ ቀነሰ። ከዚያ እሷን ቀስ እያለ ከፍ አደረጋት። አቤት! ያቺ የደብረ ብርሃኗ ዓለምወርቅ ብቅ አለች። በደስታ አልጋው ላይ ዘለለችበት።

ንጋቱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ መልሶ አዳመጠ።

«ተቀባይ ይዘሽ ነው እንዴ የገባሽው?»

ብቻዋን እንደነበረች ማለችለት። ደግሞ አጫወተው። እሷ አንዱን ስንኝ ስትጨርስ፣ ከቁም ሳጥኑ ውጭ ወፈር ያለ የሴት ድምፅ ዜማውን ይቀበላል። ጭብጨባም አለው። መጨረሻው ላይ ደግሞ እልልታ።

ማዳም ናት። ዓለምወርቅ ከሥራ ልትባረር መሰላት። ማዳምን ቆርጦ እንዲያወጣላት ለመነችው። እሱ ደግሞ ሁለቱ ድምፆች ተጣብቀዋል፣ እሷን ካወጣኋት አንቺንም ይዛሽ ትወጣለች አላት። የመጣው ይምጣ ብላ ሻርጃ ተመለሰች።

ማዳም በሩን ከፍታ መጀመሪያ የጠየቀቻት ዘፈኑ የት እንደደረሰ ነው። ቁም ሳጥኑን ብከፍተው ዘፈኑን ትተይዋለሽ ብዬ ነው ከውጭ ሆኜ የተቀበልኩሽ አለቻት። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ ፊቷም ጠቆረ።

«ሙሽኪላ አለ» አለች፣ ችግር አለ ማለቷ ነው። «የኔ ድምፅ ለምን አነሰ?»

ወዲያው ኤሲው ጠፋ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሁለቱም ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ዓለምወርቅ ሆዷ ውስጥ የከረመውን ድምፅ ሁሉ አወጣችው፤ ማዳምም ተቀበለች። ንጋቱ በማግሥቱ የላኩለትን አዲሱን ቅጂ ሲከፍት የትናንቱን የድምፅ ከፍታ ወደ ታች ሳይመልስ ቀርቶ ኖሮ፣ ማዳምን ሲሰማ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ወረወረው። ቢሆንም አቀናብሮ ለሠርጉ አደረሰው።

እሑድ መዓዛ ከነቬሏ በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ሰዉ ይንጫጫል።

«ዓለሜ፣ ድምፅሽን ስሰማ የመጣሽ መስሎኝ በር ድረስ ወጥቼ ፈለግኩሽ።»

የዓለምወርቅ እንባ ወረደ። ማዳም አማርኛ ባትሰማም ገብቷታል፤ በክርኗ ጎሸም አድርጋት «ያላ»፣ በይ እንጂ አለቻት። ዓለምወርቅ ዓይኗን ጠራርጋ ዘፈኑን አወጣች። ከስልኩ ማዶ ግቢ ሙሉ ሰው ተቀበላት።